የማዕድ ዕዳ

በአማርኛ «እንግዳ» የሚለው ቃል ሁለት ሰዎችን ይጠራል። አንደኛው ከሩቅ የመጣው፣ አገሩና ወገኑ የማይታወቀው ባዕድ ነው። ሁለተኛው ወንበር የሚሳብለት፣ እጁን የሚታጠብበት ውሃ የሚቀርብለት፣ ከማዕዱ ላይ የላመ የጣመው ተመርጦ የሚጎረሰው ተጋባዥ ነው። ቃሉን ያበጀው ሕዝብ በሁለቱ መካከል ግንብ አላቆመም። የመሸበት መንገደኛ ከደጃፍ ቆሞ ሲጣራ «ቤት የእግዜር ነው» ተብሎ ይገባል፤ ከየት እንደ መጣና የማን ልጅ እንደ ሆነ የሚጠየቀውም ከበላ በኋላ ነው።

በታላላቆቹ የዓለም ከተሞች ይህ የእንግድነት ሥርዓት ተገልብጦ የሚታይበት አንድ ቦታ አለ። እርሱም ከሩቅ አገር የመጣ ሰው የሚከፍተው ተራ ምግብ ቤት ነው። ተራ ሲባል ጠረጴዛው ነጭ ጨርቅ ያልለበሰ፣ ዋጋው የወዛደርንና የተማሪን ኪስ የማይጎዳ፣ ሰው ከሥራ ሲወጣ ልብሱን ሳይለውጥ የሚገባበት ማለት ነው። በለንደን፣ በበርሚንግሃም ወይም በማንቸስተር አንድ የሲልሄት ሰው ካሪ ሲያቀርብ፣ አንዲት የሌጎስ ወይም የኩማሲ ሴት ጆሎፍ ሩዝና የኦቾሎኒ ወጥ ስትጨልፍ፣ ባዕዱ አስተናጋጅ፣ ባለአገሩ ተስተናጋጅ ይሆናሉ። በምድሩ ላይ እንግዳ የሆነው ሰው በገበታው ዙሪያ ጋባዥ ነው። ሁለት እንግዶች ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ አንደኛው የአገሩ፣ ሌላው የማዕዱ።

ጥያቄው ከዚህ ይነሣል። ተመጋቢው ሒሳቡን ከፍሎ ሲወጣ የሚቀርበት ዕዳ አለን? የአንድን ሕዝብ ምግብ ወድዶ የሚበላ ሰው ያን ሕዝብ አወቀው፣ አከበረውም ሊባል ይቻላልን? ጥያቄው ከወጥና ከሩዝ አልፎ ይሄዳል። የሌላውን ሕዝብ ዜማ ወስዶ የሚያቀነባብር፣ ጭፈራውን ወደ መድረክ የሚያወጣ፣ ተረቱን በመማሪያ መጽሐፍ የሚያስገባ ሁሉ ከዚያው ማዕድ የተቀመጠ ነው።

ድስቱ ከየት መጣ

(ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካሪ ወደ እንግሊዝ አገር የገባው ከሰዎቹ ቀድሞ ነው ሊባል ይቻላል። ሃና ግላስ የተባለች እንግሊዛዊት በ1747 ባሳተመችው የምግብ አሠራር መጽሐፍ ውስጥ የካሪ አሠራር ይገኛል። ሕንድን ሊገዙ የሄዱት ሰዎች ጣዕሟን ለምደው ተመለሱ፤ ጣዕሙን ያበጀው እጅ ግን በአመዛኙ ከባሕር ማዶ ቀረ። እጁ ራሱ መጥቶ የገዛ ምግቡን በገዛ ስሙ ለመሸጥ የሞከረው ከስድሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በ1759 በፓትና የተወለደው ዲን ማሆሜድ በምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ጦር ውስጥ ያደገና ያገለገለ ሰው ነበር። በ1794 የጉዞ መጽሐፉን በማሳተም በእንግሊዝኛ መጽሐፍ የጻፈ የመጀመሪያው ሕንዳዊ ሆነ። በ1810 ደግሞ ለንደን ውስጥ በጆርጅ ጎዳና «የሂንዱስታን ቡና ቤት» የተባለ ምግብ ቤት ከፈተ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ በ1812፣ ከሰረ። ከዚያ በኋላ ብራይተን ወደምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ወርዶ የእንፋሎት መታጠቢያና የገላ ማሸት ሥራ አቋቋመ፤ ዝናው ከንጉሥ ቤት ደረሰ። ወጡን ያልገዙት መኳንንት ጀርባቸውን እንዲያሽላቸው ግን ከፈሉት።

በ1926 በለንደን እምብርት የተከፈተው ቪራስዋሚ የቅኝ ግዛት ትዝታ ለናፈቃቸው ባለጸጎች የተሰናዳ ቤት ነበር። ተራው ምግብ ቤት የተወለደው ከሌላ ቦታ፣ ከመርከብ ሆድ ነው። ሲልሄት ዛሬ የባንግላዴሽ ሰሜን ምሥራቅ የሆነች፣ ከባሕር የራቀች የወንዞችና የረግረግ አገር ናት። ልጆቿ በእንግሊዝ የንግድ መርከቦች ሞተር ክፍል ውስጥ ከሰል እየማገዱ፣ ከነጩ መርከበኛ ደመወዝ በእጅጉ ያነሰ እየተከፈላቸው ውቅያኖስ አቋረጡ። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መርከቦቹ ሲመቱ በመጀመሪያ መውጫ የሚያጡት ከታች ከእሳቱ አጠገብ ያሉት ነበሩ፤ ከሕንድ ክፍለ አህጉር የመጡ በሺሕ የሚቆጠሩ መርከበኞች ሰጥመው ቀሩ። ከተረፉት አንዳንዶቹ በለንደን ወደብ ከመርከብ ጠፍተው ወረዱና በየሆቴሉ ጓዳ ሰሐን አጣቢ ሆኑ።

ከ1945 በኋላ እነዚህ ሰዎች ያጠራቀሙትን ሳንቲም እያዋጡ በቦምብ የተጎዱ ሻይ ቤቶችንና የተጠበሰ ዓሣ መሸጫዎችን በርካሽ ገዙ። ዓሣውንና የድንች ጥብሱን አልተዉም፤ ከጎኑ ካሪና ሩዝ ጨመሩበት። መጠጥ ቤቶች ከተዘጉ በኋላ ክፍት ሆነው አመሹ። ከመጠጥ ቤት የወጣው እንግሊዛዊ ሌላ የሚበላበት ስላጣ ገባ፤ መጀመሪያ ዓሣውን፣ ኋላም ከጎኑ ያለውን ቀመሰ። እንዲህ ባለው መንገድ አንድ ሕዝብ የሌላውን ምግብ ለመደ።

በእነዚህ ምግብ ቤቶች ጓዳ ውስጥ ሁለት ድስቶች ነበሩ። አንደኛው ታላቁ ድስት ሲሆን በውስጡ የሽንኩርት ቁሌት በብዛት ይሠራል። ከዚያ ቁሌት እየተጨለፈ፣ አንዱ ቃሪያ እየተጨመረበት፣ ሌላው ክሬም እየፈሰሰበት፣ በየስሙ ለአዳራሹ ይወጣል። ሁለተኛው ትንሹ ድስት የሠራተኞቹ ነው። በእርሱ የሚሠራው እሾሁ ያልወጣ የወንዝ ዓሣ፣ አጥንቱ ያልተለየ ሥጋ፣ ሻትኮራ በሚባለው የሲልሄት መራራ ሎሚ የሚቃና ወጥ ነበር። ይህ ድስት በምግብ ዝርዝሩ ላይ አልተጻፈም። ደንበኛው ሄዶ በሩ ከተዘጋ በኋላ ሠራተኞቹ ዙሪያውን ተቀምጠው በእጃቸው ይበሉለታል። አዳራሹ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲበላ የኖረው ከአንደኛው ድስት ነው፤ ሁለተኛው መኖሩንም አያውቅም።

ከበሩ በላይ የተሰቀለው ስምም የጓዳውን እውነት አይናገርም ነበር። ባለቤቶቹ በ1947 የምሥራቅ ፓኪስታን፣ በ1971 ደግሞ ብዙ ደም በፈሰሰበት ትግል የተወለደችው የባንግላዴሽ ዜጎች ሆኑ። ሰሌዳው ግን «የሕንድ ምግብ ቤት» እያለ ቀጠለ፤ ገበያው የሚያውቀው ስም ያ ነበርና። የአገር ስም በሕይወት ዋጋ ሲገኝ እንኳ በሰሐን ላይ እስኪጻፍ ድረስ ብዙ ዘመን ይወስዳል።

የወደደ ምላስ

በምሥራቅ ለንደን ብሪክ ሌን በሚባለው ጎዳና ላይ አንድ የጸሎት ቤት ይገኛል። በ1743 ከፈረንሳይ የተሰደዱ ፕሮቴስታንቶች ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ተሠራ፤ ቆይቶ የሜቶዲስቶች ጸሎት ቤት፣ በ1898 የአይሁድ ምኩራብ፣ በ1976 መስጊድ ሆነ። የጸሎቱ ቋንቋ በተለወጠ ቁጥር የጎዳናው ጠረንም ተለውጧል። ከመስጊዱ በፊት የአይሁድ ዳቦ ጋጋሪዎች፣ ከእርሱ በኋላ የካሪ ቤቶች ጎዳናውን አሞቁት።

ከዚህ ጎዳና እምብዛም ሳይርቅ፣ ግንቦት 4 ቀን 1978 አልታብ አሊ የተባለ ወጣት የልብስ ስፌት ሠራተኛ ከሥራ ወደ ቤቱ ሲመለስ በሦስት ጎረምሶች ተወግቶ ሞተ። የተገደለው ትውልዱና የቆዳው ቀለም ሌላ በመሆኑ ብቻ ነበር። ከአሥር ቀን በኋላ በሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ከሬሳ ሣጥኑ በስተኋላ ሆኖ ወደ ከተማዪቱ መካከል ተጓዘ። በአቅራቢያው ያለው መናፈሻ በ1998 በስሙ ተሰየመ።

በዚያው ከተማ፣ በዚያው ዓመት፣ ካሪ የቅዳሜ ማታ ልማድ ሆኖ ነበር። ሁለቱ ነገሮች ጎን ለጎን ኖሩ። አንዱ ሌላውን አልከለከለውም። ብዙ አስተናጋጆች ያንን ዘመን የሚያስታውሱት በሰካራም ስድብ፣ ሳይከፍል በሚሮጥ ደንበኛና በተሰበረ የመስኮት መስተዋት ነው። የሚሳደበው ሰው ካሪ የሚጠላ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀላሉ በተገባ ነበር። እርሱ ግን ይሳደባል፤ በሚቀጥለውም ሳምንት ተመልሶ ይመጣል። ምላስ እንደ ወደደ፣ ልብ እንደ ጠላ ሊኖሩ የሚችሉ ሁለት ጎረቤቶች ናቸው።

በሚያዝያ ወር 2001 የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው ሮቢን ኩክ ባደረገው ንግግር የዶሮ ቲካ ማሳላ እውነተኛ የብሪታንያ ብሔራዊ ምግብ መሆኑን ገለጸ። የንግግሩ ዓላማ መልካም ነበር፤ ከውጭ የመጣውን ተቀብሎ ከራስ ጋር የማዋሐድን ችሎታ ማወደስ ፈለገ። ዳሩ ግን ከግንቦት እስከ ሐምሌ ባሉት በዚያው ዓመት ወራት፣ በኦልዳም፣ በበርንሊና በብራድፎርድ ከተሞች፣ የካሪ ቤት ባልጠፋባቸው ጎዳናዎች ላይ፣ በነጮችና በደቡብ እስያ ተወላጆች መካከል የተቀሰቀሰው ብጥብጥ መንገዱን በእሳት ሞላው። ምግቡ ዜግነት ባገኘበት ዓመት የምግቡ ሠሪ ልጆች ዜግነታቸው በድንጋይ ተጠየቀ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ታሪክም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። ካሪ ቤቶች ከባድ የወጥ ሠሪ እጥረት ገጠማቸው፤ የኢሚግሬሽን ሕግ ከባንግላዴሽ አዲስ ወጥ ሠሪ ማስመጣትን አስቸጋሪ አደረገው። በ2016 ስለ አውሮፓ ኅብረት በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ዋዜማ መውጣትን ከደገፉት ፖለቲከኞች አንዳንዶቹ፣ ከአውሮፓ የሚመጣው ሲቀንስ ለካሪ ወጥ ሠሪዎች በር ይሰፋል ብለው ተስፋ ሰጡ። ተስፋውን አምነው ድምፃቸውን የሰጡ ባለምግብ ቤቶች ነበሩ፤ በሩ ግን እንደ ተባለው አልሰፋም። ወጡ ይፈለጋል፤ ወጥ ሠሪው ይበዛል ተብሎ ይፈራል።

ዋጋና ዕዳ

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። ምግብ ቤት የንግድ ቤት ነው ይላል ተቃዋሚው። ሻጩ ዋጋውን ቆርጦ ሰቅሏል፤ ገዥው ከፍሏል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም የማንም ባለዕዳ አይደለም። እንዲያውም የገንዘብ ትልቁ ጥቅም ሰውን ከውለታ ባርነት ነፃ ማውጣቱ ነው። በጌታው ማዕድ በነፃ የበላ ሎሌ ዕድሜ ልኩን አንገቱን ደፍቶ ይኖራል፤ ከፍሎ የበላ ቀና ብሎ ይወጣል። ወጥ ሠሪውም ቢሆን ፍቅርና ምስጋና አልለመነም፤ የቤት ኪራይ በምስጋና አይከፈልምና።

ይህ ክርክር የሚናቅ አይደለም። ከመርከብ የወረደው ሰው ምግብ ቤት የከፈተው ከማንም ፊት እጁን ላለመዘርጋት ነው። ስለ ማዕድ ዕዳ የሚናገር ሁሉ ስደተኛውን ወደ ምጽዋት ጠባቂነት እንዳይመልሰው ሊጠነቀቅ ይገባል። አዘኔታም የንቀት ታናሽ ወንድም የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ይሁንና ክርክሩ ዋጋ የሚሸፍነውን ከማይሸፍነው አልለየም። በሒሳብ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የሩዙ፣ የሥጋው፣ የዘይቱ፣ የኪራዩና የሠራተኛው ሰዓት ዋጋ ነው። የቅመሙን ልክ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲያቀና የኖረው ሕዝብ በወረቀቱ ላይ የለም። ከሰል ሲማግድ የሰጠመው አጎትም በወረቀቱ ላይ የለም። እነዚህ ለሽያጭ አልቀረቡም፤ ለሽያጭ ያልቀረበ ነገር ደግሞ ተከፍሎ አያልቅም። የሚቀረው ዕዳ የፍትሕ ዕዳ ነው። አማርኛ ይህን ዕዳ የሚክደውን ሰው «የበላበትን ወጪት ሰባሪ» ይለዋል። አባባሉ ከበላተኛው ስጦታም ውዳሴም አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ወጪቱን እንዳይሰብር ብቻ ነው። አስተናጋጁ ሲሰደብ ዓይኑን ወደ ሰሐኑ የሚሰብር ደንበኛ፣ ማታ ከበላበት ቤት ባለቤት ላይ በማግሥቱ በር የሚዘጋ ሕግ ሲወጣ የሚያጨበጭብ ዜጋ፣ ሒሳቡን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም የከፈለ ቢሆንም ወጪቱን ሰብሯል።

ማዕዱ ሸንጎ ሲሆን

በናይጄሪያ የመንገድ ዳር ተራ ምግብ ቤት «ቡካ» ይባላል፤ ሌላው ስሙ «ማማ ፑት» ነው። ትርጉሙ «እማማ፣ ጨምሪልኝ» እንደ ማለት ሲሆን የቤቱ ስም ከደንበኛው ልመና ተወሰደ። በጋና «ቾፕ ባር»፣ በአቢጃን «ማኪ» የሚባሉት ቤቶች የዚሁ ዘመዶች ናቸው። በአብዛኛው ባለቤቶቹም ወጥ ሠሪዎቹም ሴቶች ናቸው። በሰሜን ሕንድ አውራ ጎዳናዎች ላይ የጭነት መኪና ነጂዎች የሚበሉበት «ዳባ» ውስጥ ደግሞ አስተናጋጁ «ወንድሜ» እየተባለ ይጠራል። የኢትዮጵያም ሾፌር በመንገድ ከተሞች የምታበላውን ሴት «እትዬ» ይላታል። ከፍሎ የሚበላ ሰው ሻጩን እናቴ፣ እኅቴ፣ ወንድሜ ብሎ መጥራቱ ከልማድ በላይ ነው። ከሒሳቡ የተረፈ ነገር መኖሩን ቃሉ ይመሰክራል።

የምዕራብ አፍሪካ ሰው ይህን ማዕድ ይዞ ወደ ለንደን ሲመጣ መጀመሪያ የገጠመው የተዘጋ በር ነበር። ለጥቁር ተማሪ ክፍል የሚያከራይ ጠፋ። በ1925 ናይጄሪያዊው የሕግ ተማሪ ላዲፖ ሶላንኬና ጓደኞቹ የምዕራብ አፍሪካ ተማሪዎች ኅብረትን መሠረቱ፤ በ1933 በካምደን የራሳቸውን ማደሪያ ከፈቱ። ማደሪያ የተነፈገው ተማሪ በዚያ አልጋ፣ የአገሩን ወጥና የፖለቲካ ክርክር በአንድ ጣራ ሥር አገኘ። በኋላ የጋና መሪ የሆነው ክዋሜ ንክሩማህ ከኅብረቱ ሹማምንት አንዱ ነበር።

በ1935 ጃማይካዊቷ ኤሚ አሽዉድ ጋርቪ በኒው ኦክስፎርድ ጎዳና አንድ ምግብ ቤት ከፈተች። ቤቱ የካሪቢያንና የአፍሪካ ተወላጆች ሳይናቁ የሚበሉበትና የሚነጋገሩበት ነበር። በዚያው ዓመት የፋሺስት ኢጣሊያ ዝግጅት ሲገለጥ፣ ትሪኒዳዳዊው ሲ. ኤል. አር. ጄምስ፣ ኬንያዊው ጆሞ ኬንያታ፣ ኤሚ ራሷና ሌሎች ዓለም አቀፍ የአፍሪካውያን የአቢሲኒያ ወዳጆች ማኅበርን አቋቋሙ። የሚሰበሰቡበት ቦታ ይኸው ምግብ ቤት ነበር። በጥቅምት ወር የኢጣሊያ ጦር መረብን ሲሻገር፣ የመንግሥታት ማኅበር ሲያመነታ፣ ከአንድ ተራ ምግብ ቤት ጠረጴዛ የተነሣ ድምፅ ስለ ኢትዮጵያ በለንደን አደባባይ ተሰማ።

ከብሪቲሽ ጊያና የመጣ ሌላው የዚህ ትግል ሰው ግሪፊት የሚለውን የቤተሰብ ስሙን ትቶ ራስ መኮንን ተባለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በማንቸስተር ምግብ ቤቶችን እየከፈተ አስፋፋ፤ አንደኛውን «የኢትዮጵያ ሻይ ቤት» አለው። በጥቅምት 1945 በዚያች ከተማ አምስተኛው የመላ አፍሪካ ጉባኤ ሲካሄድ፣ ዱ ቦይስ፣ ንክሩማህና ኬንያታ ሲሰበሰቡ፣ ከእነዚያ ምግብ ቤቶች የተገኘው ገንዘብ ለጉባኤው ወጪ ዋለ። ከወጥ ሽያጭ የተጠራቀመ ሳንቲም የቅኝ ግዛትን ፍጻሜ ለመጥራት ረዳ።

እንግዲህ የማዕድን ዕዳ ከሩቅ ሆኖ በእንግሊዛዊው ላይ ብቻ መቁጠር አይቻልም። ኢትዮጵያም በዚያ መዝገብ ላይ ተጽፋለች። ስለ እርሷ የተሟገቱት ጃማይካውያን፣ ትሪኒዳዳውያንና ምዕራብ አፍሪካውያን ከእርሷ አንድ ቁና እህል አልበሉም ነበር። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች ያስተማሩት ሕንዳውያን መምህራንም የዚሁ መዝገብ ክፍል ናቸው። ስንቱ ተማሪ ሒሳብና ሳይንስ ከእነርሱ ቀስሞ፣ ከእነርሱ ያስታወሰው ግን የአነጋገራቸውን ለዛ ብቻ ሆነ? በአንጻሩ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዋሽንግተን እንጀራና ወጥ ማቅረብ የጀመሩት ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ከጓዳው ወገን ሆነው ይኸንኑ ሕይወት አይተውታል። አንድ ሕዝብ በአንድ ከተማ አበዳሪ፣ በሌላው ባለዕዳ ነው።

ንጹሕ ድስት

የሌላውን ምግብ ማክበር ይገባል ሲባል አንዳንዱ ሰው «እንግዲያውስ ምግቡ ሳይለወጥ፣ ሳይከለስ፣ እንደ ጥንቱ ይቅረብ» ወደሚል መደምደሚያ ይቸኩላል። ይህ አክብሮት ይመስላል፤ በውስጡ ግን ሌላ እስራት አለ።

ጆሎፍ ሩዝ ስሙን ያገኘው ከወሎፍ ሕዝብ ጥንታዊ የጆሎፍ ግዛት ነው። ምዕራብ አፍሪካ የራሷን ሩዝ በኒጀር ወንዝ ሜዳዎች ያላመደች ጥንታዊ የእርሻ ምድር ብትሆንም፣ የሴኔጋል ድስት በቅኝ ግዛት ዘመን የለመደው የተሰባበረ ሩዝ ፈረንሳዮች ከኢንዶቻይና ያስመጡት የነበረው ነው። ወጡን የሚያቀላው ቲማቲም፣ የሚያቃጥለው ቃሪያና ኦቾሎኒው ከአሜሪካ ምድር የተሻገሩ ናቸው። የሕንድንም ካሪ የሚያቃጥለው ቃሪያ በ16ኛው መቶ ዓመት ከፖርቱጋሎች ጋር የመጣ ነው፤ ቪንዳሉ የሚባለው ወጥ ስሙ ራሱ ፖርቱጋልኛ ነው። የኢትዮጵያ በርበሬም ከዚያው ከአሜሪካ ዘር የወረደ ነው፤ ሳምቡሳም ከፋርስ ተነሥቶ በአንድ በኩል ሕንድ፣ በሌላ በኩል ሐረርና ሞቃዲሾ የገባ መንገደኛ ነው። ከጥንት ጀምሮ ያልተበረዘ ድስት የሚፈልግ ሰው ባዶ ድስት ያገኛል።

ስለዚህ ወጥ ሠሪው ምግቡን የመለወጥ መብት አለው። በክሬም ያለዘበው ካሪ የእርሱ ፈጠራ ነው፤ ገበያ አስገደደው ቢባልም እጁ የራሱ ነው። «ይህ እውነተኛው የእናንተ ምግብ አይደለም» ብሎ የሚገሥጸው ተመጋቢ፣ ባለሙያውን ከፈጣሪነት አውርዶ የሙዚየም ጠባቂ ያደርገዋል። በአንጻሩ በ2014 አንድ ዝነኛ እንግሊዛዊ ወጥ ሠሪ የራሱን ጆሎፍ አሠራር ሲያወጣ ከምዕራብ አፍሪካውያን ከፍ ያለ ቁጣ ተነሣ። ናይጄሪያና ጋና «የማን ጆሎፍ ይጣፍጣል» እያሉ በየዕለቱ የሚከራከሩበትን ድስት እርሱ ቢለውጠው ለምን አስቆጣ? ልዩነቱ ከለውጡ ላይ አይደለም፤ በለዋጩና በድስቱ መካከል ካለው ዝምድና ላይ ነው። የቤቱ ልጅ ሲለውጥ ከእናቱ ጋር እየተከራከረ ነው። ከውጭ የመጣው ሳይጠይቅ ሲለውጥ፣ የሚከራከረው ሰው በቤቱ ያለ አይመስለውም። በ2021 ዩኔስኮ የሴኔጋልን ቼቡ ጄን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲያሰፍር ያረጋገጠው ይህንኑ ነው፤ ድስቱ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም በሕይወት አለ።

ከዚህ ላይ ነገሩ ወደ ኪነ ጥበብ ሰው ይመለሳል። በባህል ዐውደ ርእይ የየብሔረሰቡ ምግብ በተራ ሲደረደር፣ የየብሔረሰቡ ልብስ በመድረክ ሲሰለፍ፣ ተመልካቹ ቀምሶ አጨብጭቦ ይሄዳል። ያ ልብስ የሚሸመንበት መንደር ውሃ ይኑረው አይኑረው፣ ያ ቋንቋ በትምህርት ቤት ይሰማ አይሰማ፣ ያ ሕዝብ ትናንት ከቤቱ ይፈናቀል አይፈናቀል፣ ዐውደ ርእዩ ካልጠየቀ፣ የካሪ ቤቱን የቅዳሜ ደንበኛ ሥራ ሠራ። የሚታየው ከአንደኛው ድስት ብቻ የተጨለፈ ነው። የባህል ኃላፊው፣ መምህሩና አርቲስቱ ከሌላው ተመልካች የሚለዩት ወደ ጓዳው የመግባት ፈቃድ ስላላቸው ነው። ፈቃዱን ካልተጠቀሙበት ከአዳራሹ ሰው በምን ይበልጣሉ?

በቅርብ ዓመታት በለንደን የጓዳው ድስት ወደ አዳራሽ መውጣት ጀምሯል። የሲልሄት ልጆች አባቶቻቸው ለደንበኛ ያላሳዩትን ወጥ በስሙ ጽፈው ያቀርባሉ። በ2024 የምዕራብ አፍሪካ ምግብ የሚያቀርቡ የለንደን ቤቶች ሚሸሊን የተባለውን የክብር ኮከብ አገኙ። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ግን አዲስ ጥያቄ ያስከትላል። ኮከቡ የተሰቀለበት ቤት ዋጋ ሲንር፣ ሌሊት ቢሮ የምታጸዳው ናይጄሪያዊት እናት የገዛ እናቷን ወጥ ከመንገድ ላይ በመስኮት አይታ ታልፋለች። ድስቱ ክብር አግኝቶ የድስቱ ሰው ከበር ከቀረ ዕዳው ቦታ ለወጠ እንጂ አልተከፈለም። እርሷ ሳትሳቀቅ ገብታ «ጨምሪልኝ» የምትልበት ተራው ቤት፣ ፔካም ውስጥ በአውቶቡስ ማቆሚያ አጠገብ ያለው፣ ከኮከቡ ያላነሰ ጥበቃ ይገባዋል።

የማዕድ ዕዳ በአንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚዘጋ ሒሳብ አይደለም። የሚጠይቀውም ብዙ አይደለም፤ ያበላውን ሰው በትክክለኛ ስሙና በአገሩ ስም መጥራት፣ ሲነካ አለሁ ማለት፣ ከአዳራሹ ጀርባ ሌላ ድስት መኖሩን አለመርሳት። እነዚህ ሦስቱ በምላስ አይገኙም፤ ምላስ የሚያውቀው ጣዕምን ብቻ ነው። ከማዕዱ ከተነሡ በኋላ፣ በአደባባይና በሕግ ፊት፣ በሥራ የሚፈጸሙ ናቸው። እንግዳ የሚለው ቃል ባዕዱንና ተጋባዡን በአንድነት ይዞ የኖረው በዚህ ምክንያት ይመስላል፤ ዛሬ የሚያበላ ነገ የሚያንኳኳ፣ ዛሬ የሚያንኳኳም ነገ የሚያበላ ነውና።